የእትዬ ደብሪቱ ሌላኛው ዓይን

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ መስጠት ከሥራው ይከብደኛል። ልብስ እሥላለሁ። ሰፊ ነህ ወይ? አይደለሁም። ሸማኔ? እሱንም አይደለሁም። ነጋዴ? ኧረ ምን በወጣኝ። አዲስ አበባ ያሉ የቡቲክ ባለቤቶች በቴሌግራም "ለአዲስ ዓመት የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ግን ደግሞ ከበድ ያለ" ብለው ይጽፉልኛል። እኔ ላሊበላ ቁጭ ብዬ፣ ቀለል ያለ ከበድ ያለ ነገር ምን እንደሚመስል አስቤ እሥላለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ እልካለሁ። እነሱ ያሰፉታል። እናቴ ይህን ሁሉ ለጎረቤት ስታሳጥረው "ልጄ ልብስ ይሥላል" ትላለች። "ታዲያ የተሣለ ልብስ ማን ይለብሰዋል?" ይሏታል። "እኔም እሱን ልጠይቀው ነው" ትላለች። እስከ ዛሬ ግን አልጠየቀችኝም። መልስ እንደሌለኝ ገብቷት ዝም ያለች ይመስለኛል።

ቅሬታ የለኝም። አለቃ የለኝም፣ ፊርማ የለኝም፣ ጠዋት የሚያስሮጠኝ ነገር የለም። ሐሳቡን ከየት ታመጣዋለህ ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ከቅዳሜ ገበያ። አንድ ቅዳሜ ከገበያው ዳር የቆመች አህያ አየሁ። ጀርባዋ ላይ ጆንያ ተጥሎ፣ አንዱ ጫፍ ረዝሞ ሌላው አጥሮ፣ ወገቧ ላይ በገመድ ሸብ ተደርጓል። ቆሜ ሣልኩት። ባለቤትየው ጠጋ አሉና "ልትገዛት ነው?" አሉኝ። "አይ፣ ልብሷን ወድጄው ነው" አልኳቸው። አህያቸውን እየነዱ ወዲያ ማዶ ሄዱ፤ ሲሄዱም ሁለቴ ዞረው አዩኝ። ያ ጆንያ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የእራት ቀሚስ ሆነ። የቡቲኳ ባለቤት "እንዴት ያለ ዘመናዊ ነገር ነው፣ ከየት አመጣኸው?" ስትለኝ "ከተፈጥሮ" ብያት አለፍኩ። ስለ አህያዋ እስካሁን አልነገርኳትም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጉዳዬ፣ በዚህ እጄ የእህቴን ሠርግ ላፈርስ ጥቂት ቀርቶኝ እንደነበረ ነው።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ ለብልባላ ሰው ታጭታ ነበር። ልጁ ሲሳይ ይባላል፤ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ልጅ ነው። ጥር ገብቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ለዳስ የሚሆነው እንጨት ተቆርጦ ግቢያችን ውስጥ ተጋድሟል። ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ሰላም ሲበዛብኝ ደግሞ እኔ አላርፍም። "ለአማትየዋ ለእትዬ ደብሪቱ አንድ የክት ቀሚስ ከእኛ ቤት ይሂድላቸው፤ ሥዕሉን እኔ እሥላለሁ፣ ከወደዱት ለሰፊ እንሰጠዋለን" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለ ልማድም የለንም። ቀበጥኩ እንጂ።

አሁን ስለ ሙያችን ትንሽ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። እኛ የልብስ ሣዮች ሰው አንሥልም። ቀሚሱ መሬት እንዳይወድቅ ሰው የሚመስል ነገር እናቆምለታለን እንጂ። አንገቷን እናረዝመዋለን፣ ወገቧን እናጠፋዋለን፣ እግሯን ከጉልበት በታች ሌላ እግር እንቀጥልለታለን። ፊት ካስፈለገ አንድ መስመር ለአፍንጫ፣ አንድ ነጥብ ለዓይን በቂ ነው። የእትዬ ደብሪቱም ቀሚስ ጥልፉ ከትከሻ ተነሥቶ በጎን በኩል እስከ ጫፉ የሚወርድ ስለሆነ፣ ጎናቸውን ሰጥተው መቆም ነበረባቸው። በቀለበቱ ዕለት ያነሣኋቸው ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ወደ ጎን ዞረው አንዱን አሳላፊ ሲቆጡ። ተስማማኝ። ከዚያ ሣልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም፤ ይህን ስል ዛሬም አላፍርም። በሲሳይ እጅ ብልባላ ላክሁት፤ ምስጋናውን እንዴት አድርጌ በትሕትና እንደምቀበል እየተለማመድኩ ቆየሁ።

ሲሳይ ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ቢሉት አልገባም።

"እናቴ ሥዕሉን አልወደደችውም" አለ።

"ቀለሙ ነው?" አልኩት።

"ቀለሙን እንጃ። 'እንዲህ አድርገው ካዩኝ ልጃቸውን ለምን ይሰጡኛል? ሠርጉ ይቆይ' አለች።"

"ምን አድርገን አየናቸው?" አለች እናቴ።

"አልነገረችኝም። አባቴ ግን ሥዕሉን አይቶ 'አቤት፣ ቁርጥ እሷን' አለ። ከዚያ ወዲህ ከአባቴም ጋር አትነጋገርም።"

ልጁ ይህን ተናግሮ እዚያው በር ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ትርንጎ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ተቀመጥን። እናቴ "አቅጥነሃቸዋል፤ በጤናቸው ያሉ ሴትዮ በረሃብ የተጎዱ አስመሰልካቸው" አለች። አክስቴ "የለም፣ ራቁት ክንዳቸውን አሳይተሃል" አለች። አጎቴ ሥዕሉን ጨርሶ አላየውም፤ ግን ከሁሉም በላይ እርግጠኛ የነበረው እሱ ነው፤ "ጫማው ነው" አለ። ለምን ጫማው እንደሆነ ስንጠይቀው "ሁልጊዜም ጫማው ነው" አለን። ቤቱ ሁሉ የልብስ ሥዕል ሐያሲ ሆነ። እኔ በልቤ የገጠር ሰው ሥነ ጥበብ አይገባውም እያልኩ ነበር። ይህንን እያልኩ ሳለሁ ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሂድና ያበላሸኸውን አስተካክል። ሲሳይን እወደዋለሁ። ካልተስተካከለ እዚህ ቤት እንዳትመለስ" አለችኝ።

እህቴ በእኔ ፊት እወደዋለሁ የሚለውን ቃል አውጥታ ስትናገር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ደነገጥኩ፤ ቀልዱም ከሆዴ ወጣ።

በማግሥቱ ጎረቤታችንን አባ ክንፉን ለሽምግልና ይዤ ወደ ብልባላ ሄድኩ። አባ ክንፉ ቄስ ናቸው፣ ንግግራቸው የረጋ ነው፣ የተጣላ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይሮጣል። እኩል መንገድ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ሄድን፤ የቀረውን በእግር። መንገዱን ሙሉ "አይዞህ፣ ሴት ልጅ በሥዕል ምክንያት ዘመድ አትቆርጥም" ይሉኛል። ጥላቸውን ዘርግተው ፊት ፊት ሲሄዱ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየወረደ እሳቸው እየመለሱት፣ እየወረደ እየመለሱት፣ እኔም ከኋላ ሆኜ "ይህ እጥፋት ለካፖርት ይሆናል" እላለሁ። የእህቴ ሠርግ አፋፍ ላይ ቆሞ እኔ ካፖርት አስባለሁ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኜ ተፈጥሬያለሁ።

ስንደርስ ቤቱ ዘመድ አዝማድ ሞልቶበታል። ተነሡ፣ ተቀበሉን፣ አስቀመጡን። ጠላ ግን አልቀረበም። አባ ክንፉ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ጠላ አልመጣም" አሉኝ። እኔም አይቻለሁ። የሲሳይ አባት አያ ሞገስ ከሁሉም ርቀው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቁርጥ እሷን ካሉ ወዲህ ቦታቸው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ደብሪቱ ሥዕሉን ይዘው ወጡ። ረጅም ሴት ናቸው፣ ደረታቸው ሰፊ፣ አነጋገራቸው ቀስ ያለ። ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘረጉት።

"ልጄ፣ ይቺ ማናት?"

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።"

"ጎሽ። ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?"

የጠበቅኩት ጥያቄ አልነበረም። "በዚያ በኩል ነው" አልኳቸው።

"በየት በኩል?"

"በማይታየው በኩል።"

ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ ለተሰበሰበውም ሰው አዙረው አሳዩት። ነጭ ነው። "በዚህም በኩል የለም" አሉ።

አባ ክንፉ ሥዕሉን እስከዚያች ሰዓት አላዩትም ነበር። "እስቲ ወዲህ በሉት" ብለው ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው "አይ አንተ ልጅ" አሉ። ከዚያም ዘመድ ሁሉ እየሰማ ያስረዱኝ ጀመር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግ ሰው ሲሣል ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ፣ በሁለት ዓይኑ ነው። ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው። ይሁዳ በአንድ ዓይን ነው። ጌታን የገረፉት በአንድ ዓይን ናቸው። "ሰይጣንማ" አሉ አባ ክንፉ፣ "ሁለት ዓይን ተሰጥቶት አያውቅም።"

ወገኖቼ፣ እኔ ላሊበላ ተወልጄ ላሊበላ ያደግሁ ሰው ነኝ። እነዚያን ግድግዳዎች እናቴ ጀርባ ላይ ከታዘልኩበት ጊዜ ጀምሮ ሳያቸው ኖሬአለሁ። ቱሪስት ሲጠይቀኝ እንኳ "ክፉዎቹ በአንድ ዓይን ናቸው" ብዬ ኮራ ብዬ የተረጎምኩበት ጊዜ አለ። ግን ያ የቤተ ክርስቲያን፣ ይህ የልብስ ሆኖ በጭንቅላቴ ውስጥ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ለካ እኔ ለእህቴ አማት የሠርግ ስጦታ ብዬ የላክሁት ከይሁዳ ጎን የሚሰቀል መልክ ኖሯል።

እዚህ ላይ ዝም ብል፣ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ብጠይቅ ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ግን መከራከር ጀመርኩ።

"አባ፣ ሁሉም አይደለም እኮ" አልኩ። "የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስም በአንድ ዓይን ነው የተሣለው። ፈረሱ ደግሞ ክፉ አይደለም።"

 እትዬ ደብሪቱ አንድ ጊዜ ወደ አባ ክንፉ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ።

"ፈረስ ነሽ እያለኝ ነው?" አሉ።

ከበሩ አካባቢ አያ ሞገስ ሳል ያዛቸው። የሳቅ ሳል እንደሆነ ሁሉም ሰው ገብቶታል፤ እትዬ ደብሪቱም ገብቷቸዋል። አባ ክንፉ ጉልበቴን ቆንጠጥ አድርገው "ፈረሱን ተወው" አሉኝ።

ፈረሱን ተውኩት፤ በፈረሱ ፈንታ እስክሪብቶ አወጣሁ። "አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ" ብዬ፣ ማንም ሳይከለክለኝ፣ ጎኑን በሰጠው ፊት ላይ ሁለተኛውን ዓይን ጨመርኩበት። ባልጨምረው ይሻል ነበር። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ጉንጭ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ድንበር እንደሚጣሉ ጎረቤታሞች ተፋጠው ቀሩ። አንዲት የሲሳይ አሮጊት አክስት አማተቡ። እትዬ ደብሪቱ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት።

"ቅድም ከክፉዎቹ ጋ ነበርኩ" አሉ። "አሁን ከማን ጋ ልታቆመኝ ነው?"

ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱም ድምፃቸው ሲለወጥ ሁላችንም ሰማነው። ተቀመጡ። ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"እኔም አማት ነበረችኝ" አሉ። "ነፍስ ይማር፣ ሙት አይወቀስም። ውሃ ቀድቼ ስመለስ እንስራውን ጎንበስ ብላ አይታ፣ ግማሹን መንገድ ላይ ጠጣሽው ትለኝ ነበር። ሳቄን ትቆጥር ነበር። ልጄ ሲያገባ እንደ እሷ እንዳልሆን ለእመቤቴ ለምኛለሁ። ስለምናት ደግሞ አብሮ ፍርሃት አለብኝ፤ ሰው አማቱን አይቶ አይደል አማትነት የሚማረው። እናንተ ደግሞ ገና ልጅቱን በእጄ ሳትሰጡኝ፣ ገና ምንም ሳላደርጋት፣ ክፉ ናት ብላችሁ ሥላችሁ ላካችሁልኝ። በምን ዐወቃችሁብኝ?"

በጣም አፈርኩ። ደግሞም አዘንኩ። ጥፋቴ ዓይን ማጉደል ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ እኚህን ሴትዮ ጨርሶ አላየኋቸውም ነበር። ያየሁት ጥልፉን ነው። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

"እትዬ፣ ይማሩኝ" አልኩ። "ማንም ክፉ ናቸው አላለም። ትርንጎም አላለችም። እኔ ነኝ ሳላይዎት የሣልኩዎት።"

"እንግዲያው እየኝ" አሉ።

በርጩማ አስመጡ። ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። እኔም ከቦርሳዬ ንጹሕ ወረቀት አወጣሁ። እህቴ እዚያች እስክሪብቶ ጫፍ ላይ እንዳለች እየተሰማኝ ጀመርኩ።

የቤቱ ሰው ሁሉ ከጀርባዬ ቆመ። እትዬ ደብሪቱ ሳይንቀሳቀሱ ትእዛዝ ይሰጣሉ። "ያኛው አንገት የእኔ አልነበረም። የማን እንደሆነ ጠይቀህ መልስላት።" አንገቱን አሳጠርኩ። "ሆዴንም መልስ፤ ልጆቼን የተሸከምኩበት ነው።" መለስኩ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ሆድ ጨምርልኝ ያለኝ ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው። አባ ክንፉ "ዓይኑን ተለቅ አድርገው፣ እንደ ሥርዓቱ" ይላሉ። አክስትየዋ "አፍንጫዋ ላይ ጠባሳ አለ፣ እንዳትረሳው" ይላሉ። እትዬ ደብሪቱ "እሱን ቢረሳው አልቀየምም" ይላሉ።

የሚገርመው ነገር፣ ደስ አለኝ። ወገብ ሳላጠፋ፣ እግር ሳልቀጥል እውነተኛ ሰው ስሥል ስንት ዘመኔ ነው? ዓይናቸው ዳር ያለው መስመር፣ ሻሻቸውን ያሰሩበት መንገድ፣ ሰፊው ደረታቸው፣ ሁሉም ቀሚሱን ወዴት እንደሚሄድ እየነገረው መጣ። በጎን ይወርድ የነበረው ጥልፍ ራሱ ወደ ፊት መጥቶ፣ ከደረት ተነሥቶ እስከ ጫፍ ቁልቁል ወረደ፤ ከቀድሞውም በለጠ። ጨርሼ አቀበልኳቸው።

አዩት። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን ሄዱ፣ ተመለሱ። በጣታቸው ነክተው ሁለቱም መኖራቸውን አረጋገጡ።

"አሁን እኔ ነኝ" አሉ። ወደ በሩም ዞረው "ምነው ዝም አልክ፣ ቁርጥ እሷን አትልም እንዴ?" አሏቸው አያ ሞገስን። አያ ሞገስ "በዚህ ጉዳይ አስተያየት የለኝም" አሉ። ሰው ሳቀ። ከጓዳ የጠላ ማንቆርቆሪያ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የጣመ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ጠላው ሳይቀዳ ግን እትዬ ደብሪቱ ወረቀቱን መለሱልኝ። ከጎናቸው ባዶ ቦታ ነበር፤ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

"ትርንጎን እዚህ አቁማት" አሉ። "ከእኔ ጋ። እኩል እንታይ።"

እህቴንማ ዓይኔን ጨፍኜ እሥላታለሁ። ልቤ ተመልሷል፣ ጠላ እየመጣ ነው፣ እጄ በራሱ ይሄዳል። ሹሩባዋን ሠራሁ፣ ነጠላዋን ጣል አደረግኩላት፣ የተጎነበሰ አንገቷን ሳብኩ። ሳልጨርሰው ከጀርባዬ የነበሩት ሁሉ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። አባ ክንፉ "እመ ብርሃን" ሲሉ ሰማሁ። ቀና ብዬ ወረቀቱን አየሁት።

ትርንጎ ጎኗን ሰጥታ ነበር። በአንድ ዓይን።

 እጄ የለመደውን አደረገ። የሙሽሪትን አማት ከክፉዎች መሐል አውጥቼ ሳልጨርስ ሙሽሪትን በገዛ እጄ አስገብቻታለሁ። ወረቀቱን ልሰውረው ስል እትዬ ደብሪቱ ቀደሙኝ። ወሰዱት። ወደ ብርሃኑ፣ ወደ በሩ ይዘውት ሄዱ። አያ ሞገስ ጠጋ ብለው ለማየት ሞክረው በክርን ተመለሱ።

"ይቺ ልጅ ወዴት ነው የምታየው?" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን።

ወረቀቱን በሐሳቤ አየሁት። እሳቸው መሐል ናቸው። እሷ ከጎን ናት። አንገቷን ዘወር ያደረገችው ወደ እሳቸው ነው።

"ወደ እርስዎ" አልኩ። "እርስዎን ነው የምታየው።"

 ነጠላቸውን ሳብ አድርገው በጫፉ ፊታቸውን ጠረግ ሲያደርጉ ከኋላ አየኋቸው።  እኔ እስክሪብቶዬን ጨብጬ፣ "ሌላ እሥላለሁ፣ እትዬ፣ አሁኑኑ ሁለተኛውን ዓይን..." ማለት ጀመርኩ።

"እጅህን ሰብስብ" አሉኝ፣ ወደ እኛ እየዞሩ። "ምንም እንዳትጨምርባት። በአንዱ እኔን ካየችኝ ይበቃኛል፤ በሌላው ባሏን ትይበት።"